ካርል ቤን ኤየልሰንና የሰሜኑ የአየር መንገድ

መንገድ የሌለው አገር ሕዝብ ከሌላው ዓለም የሚለየው በርቀት ብቻ አይደለም፤ በጊዜም ጭምር ነው። በሰሜን አሜሪካ ጫፍ የምትገኘው አላስካ እንዲህ ያለች አገር ነበረች። የብርዱ ወራት ረዥም፥ በረዶውም ጥልቅ ስለሆነ፥ ደብዳቤና ስንቅ ውሾች በሚስቡት ጋሪ ለብዙ ቀናት ይጓዝ ነበር። ይህን ርቀት በአይሮፕላን ለማሳጠር አስቀድመው ከደከሙት ሰዎች አንዱ ካርል ቤን ኤየልሰን ነው።

ኤየልሰን በኤውሮፓ አቆጣጠር በ1897 ዓ. ም. በሰሜን ዳኮታ፥ ሐተን በምትባል ከተማ ከነጋዴ አባት ተወለደ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በአገሩ ጦር ውስጥ አይሮፕላን መንዳት ተማረ፤ ነገር ግን እርሱ ሳይዘምት ጦርነቱ አለቀ። በ1922 ዓ. ም. ወደ አላስካ ሄዶ በፌርባንክስ ከተማ አስተማሪ ሆነ። ልቡ ግን ከአየር አልተለየምና፥ በሚቀጥለው ዓመት በከተማው ነጋዴዎች ገንዘብ ከጦርነት የተረፈ አይሮፕላን ተገዝቶለት፥ መንገደኛና ዕቃ በኪራይ ማመላለስ ጀመረ።

በፌብሩዋሪ 21 ቀን 1924 ዓ. ም. ከፌርባንክስ ወደ ማክግራዝ ፖስታ ይዞ በረረ። ውሾች 20 ቀን ያህል የሚፈጁበትን መንገድ ከሦስት ሰዓት ባነሰ ጊዜ ጨረሰው። ሆኖም የማረፊያው ሜዳ ያልተደላደለ በመሆኑ አይሮፕላኑ ደጋግሞ ተጎዳ፤ የፖስታው መሥሪያ ቤትም በዚያው ዓመት ውሉን አቋረጠ።

ኤየልሰን ግን ተስፋ አልቈረጠም። በ1927 ዓ. ም. ከአውስትራሊያዊው ከሁበርት ዊልኪንስ ጋር በባሕሩ በረዶ ላይ ለማረፍ ተገዶ፥ ብዙ ቀን በእግሩ ተጉዞ ዳነ፤ በውርጩም ጣቱን አጣ። በአፕሪል 1928 ዓ. ም. ሁለቱ ከፖይንት ባሮው ተነሥተው ከ20 ሰዓት በላይ በመብረር ስፒትስበርገን ደረሱ፤ ስማቸውም በዓለም ሁሉ ተሰማ።

ከዚህ ክብር በኋላ ወደ ቀድሞ ሥራው ተመለሰ። በ1929 ዓ. ም. ናኑክ የምትባል የንግድ መርከብ በሳይቤሪያ ዳርቻ በረዶ ይዟት ስለ ነበር፥ መንገደኞቿንና የጫነችውን የአውሬ ቆዳ ለማውጣት በ50,000 ዶላር ውል ገባ። የመጀመሪያው ጉዞ በደኅና ተፈጸመ። ለሁለተኛው ጊዜ ግን በኖቬምበር 9 ቀን ከመካኒኩ ከኧርል ቦርላንድ ጋር በክፉ አየር ተነሥቶ ሳይመለስ ቀረ። የአሜሪካ፥ የካናዳና የሶቪየት አብራሪዎች አብረው ፈለጉት። በጃንዋሪ 1930 ዓ. ም. የአይሮፕላኑ ክንፍ በበረዶ ላይ ታየ፤ በሚቀጥለውም ወር የሁለቱ ሰዎች ሬሳ ተገኘ። ኤየልሰን በተወለደበት ከተማ ተቀበረ።

ይህ ሰው የሞተው አዲስ ምድር ሲፈልግ አይደለም፤ የሰው ዕቃ ሊያደርስ በገባው ቃል ላይ እንዳለ ነው። የመንገደኛና የጭነት አይሮፕላን ሥራ ክብሩም አደጋውም ከዚህ ላይ ነው። የሚጠብቀው ወገን ይቸኩላል፤ ውሉም ያስገድዳል፤ ሰማዩ ግን ውል አያውቅም። ስለዚህ ጭነቱ እንዲደርስለት የሚሻ ሰው ሁሉ የአብራሪውን ድፍረት ከማመስገኑ በፊት፥ አየሩ ሲከፋ ዛሬ አልነሣም ለማለት ነፃነት ሊሰጠው ይገባል። የዘገየ ዕቃ በማግሥቱ ይደርሳል፤ የጠፋ ሰው ግን አይመለስም።