ሱን ሉታንግ፥ መማር ያላቆመው መምህር

ኃይል በጡንቻ ብቻ የሚገኝ የሚመስለን ብዙዎች ነን። የቻይናዊው የሱን ሉታንግ ታሪክ ግን ሌላ ያስተምረናል።

ሱን ሉታንግ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1860 ዓ.ም. በቻይና አገር በሄቤ ክፍለ ሀገር ተወለደ። አባቱ በልጅነቱ ስለ ሞቱ በድህነት አደገ። ሺንግዪ የተባለውን የትግል ጥበብ ከሊ ኩይዩዋንና ከጉዎ ዩንሼን፥ ባጓ የተባለውን ደግሞ ቤይጂንግ ውስጥ ከቼንግ ቲንግኋ ተማረ። የእነዚህ ጥበባት መሠረት የውስጥ ጸጥታ ነው። ልብ ሲረጋ ትንፋሽ ይረጋል፤ ትንፋሽም ሲረጋ ሰውነት ይታዘዛል።

ዕድሜው 50 ዓመት ገደማ ሲሆን፥ ሀዎ ዌይጀን የተባሉ የታይቺ መምህር ቤይጂንግ መጥተው ታመሙ። ሱን ያን ጊዜ ስመ ጥር መምህር ነበር። ሆኖም ሐኪም ፈልጎ አስታመማቸው። እርሳቸውም በዳኑ ጊዜ ጥበባቸውን በማስተማር ውለታውን መለሱለት፤ እርሱም እንደ ጀማሪ ዝቅ ብሎ ተማረ። በኋላም ሦስቱን ጥበባት አስማምቶ በስሙ የሚጠራውን ታይቺ መሠረተ።

ከ1915 ዓ.ም. ጀምሮ ባሳተማቸው መጻሕፍት የጥበቡ ዋና ፍሬ ሰውን መምታት ሳይሆን ጤናን መጠበቅና ጠባይን ማረም መሆኑን ገለጸ። በ1933 ዓ.ም. ዐረፈ። ሴት ልጁ ሱን ጂያንዩን ትምህርቱን ተቀብላ ለብዙዎች አስተላለፈች፤ እርሷም በ2003 ዓ.ም. አረፈች።

እኛ የአዳማ ተማሪዎች በፈተና ቀን ልባችን ሲደነግጥ ያጠናነው ሁሉ ይጠፋብናል። እንግዲህ ልባችንን ማርጋት እንልመድ። ዘንድሮ የምንመረቀውም ወረቀቱን ስንቀበል፥ ተምረን ጨረስን የሚል ትዕቢት አይደርብን።