ክዋሜ ንክሩማህ፣ አንድ ሕግና አንድ የድሮ ጓደኛ

እ.ኤ.አ. በ2012 በአፍሪካ ኅብረት ዋና መሥሪያ ቤት ግቢ የክዋሜ ንክሩማህ ሐውልት ሲቆም ከተማችን ውስጥ ብዙ ተወርቷል። የአፄ ኃይለ ሥላሴ ሐውልት ሳይቀድም የእሳቸው ለምን ቆመ የሚል ቁጣ ነበር። እኔ በክርክሩ አልገባሁም። ንክሩማህ በተነሱ ቁጥር ወደ ሐሳቤ የሚመጣው ሐውልት ሳይሆን በተማሪነቴ ያነበብኩት አንድ የጋና ፍርድ ነው። ስለዚህ ዛሬ የኚህን ሰው ሕይወት የማወጋችሁ በሕግ ባለሙያ ዓይን ነው፤ ፓን አፍሪካኒስቶች ቅር እንዳይላቸው።

ንክሩማህ የተወለዱት እ.ኤ.አ. በ1909 ንክሮፉል በምትባል የጎልድ ኮስት መንደር ነው። በ1935 አሜሪካ ሄደው ፔንሲልቬኒያ ውስጥ በሊንከን ዩኒቨርሲቲ ተማሩ። እዚያም አኮ አጄይ ከሚባል የአገራቸው ልጅ ጋር ተወዳጁ። ይህን ስም ያዙልኝ። በ1947 የጎልድ ኮስት ምሁራንና ጠበቆች የመሠረቱት ፓርቲ ዋና ጸሐፊ ሲፈልግ ቦታው መጀመሪያ የቀረበው ለአኮ አጄይ ነበር። እሳቸው ግን እምቢ ብለው ለንደን የነበሩትን ጓደኛቸውን ጠቆሙ። ንክሩማህ በዓመቱ መጨረሻ አገራቸው ገቡ።

በየካቲት 1948 አክራ ውስጥ ሰላማዊ ሰልፍ የወጡ የቀድሞ ወታደሮች ተተኮሰባቸው፤ ከተማዋም ነደደች። እንግሊዞች ንክሩማህን፣ አኮ አጄይን፣ አንጋፋውን ጠበቃ ጄ.ቢ. ዳንኳንና ሌሎች ሦስት መሪዎችን ፍርድ ቤት ሳያቀርቡ አሰሩ። ብዙም ሳይቆዩ ተፈቱ። ንክሩማህ ግን ከጠበቆቹ ቀርፋፋ ፖለቲካ ጋር አልዘለቁም። በ1949 የራሳቸውን ፓርቲ አቋቋሙ፣ በ1950 እንደገና ታሰሩ፣ በየካቲት 1951 እስር ቤት ሆነው ምርጫ አሸንፈው በቀጥታ ወደ መንግሥት ሥልጣን ወጡ። መጋቢት 6 ቀን 1957 ጋና ነፃ ወጣች። ይህን ክፍል አፍሪካ ሁሉ ስለሚያውቀው አላረዝመውም።

ነፃነት ከተገኘ ገና አንድ ዓመት ከአራት ወር ሲሆነው ፓርላማው አንድ ሕግ አወጣ። ሕጉ ለአገር ደኅንነት ያሰጋል የተባለን ሰው ያለ ክስና ያለ ፍርድ እስከ አምስት ዓመት ማሰር ይፈቅዳል። በ1959 መጨረሻ የአሻንቲው ንጉሥ አፈ ጉባኤ ባፉር ኦሴይ አኮቶ ከሌሎች ሰባት ሰዎች ጋር በዚሁ ሕግ ታሰሩ። ጠበቃቸው ዳንኳ አካልን ነፃ የማውጣት አቤቱታ ይዘው እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሄዱ። ክርክራቸው ፕሬዚዳንቱ ሥልጣን ሲይዙ የዜጎችን ነፃነት እንደሚያከብሩ በሕገ መንግሥቱ መሠረት ቃል ስለገቡ ሕጉ ሊጸና አይችልም የሚል ነበር። በዋና ዳኛው በኮርሳህ የተመራው ችሎት በነሐሴ 1961 አቤቱታውን ውድቅ አደረገ። በፍርዱ መሠረት የፕሬዚዳንቱ ቃል የሕሊና ግዴታ እንጂ በፍርድ ቤት የሚያስጠይቅ የሕግ ግዴታ አይደለም። ፍርዱን በተማሪነቴ ሳነበው በአጻጻፉ ጥራት ተደንቄ ነበር። የገባኝ ቆይቶ ነው። ሁለት ወር ሳይሞላ ዳንኳ ራሳቸው በተከራከሩበት ሕግ ታሰሩ።

ነሐሴ 1 ቀን 1962 ንክሩማህ ከጎረቤት አፐር ቮልታ ሲመለሱ ኩሉንጉጉ በምትባል የድንበር መንደር ቦምብ ተወረወረባቸው። ቆሰሉ እንጂ አልሞቱም። በተጠርጣሪነት ከተያዙት ሦስት ባለሥልጣናት አንዱ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ነበሩ፤ አኮ አጄይ። በግንቦት 1963 ንክሩማህ እዚህ አዲስ አበባ፣ አፍሪካ አዳራሽ፣ አህጉሪቱ በአንድ መንግሥት ሥር እንድትዋሐድ ሲከራከሩ ወደ አገራቸው ያስመጧቸው ወዳጃቸው እስር ቤት ነበሩ።

ጉዳዩን የሰማው ልዩ ፍርድ ቤት ሰብሳቢ እኚያው ኮርሳህ ነበሩ። በታኅሣሥ 1963 ችሎቱ ማስረጃውን መዝኖ አኮ አጄይንና ሁለቱን ባለሥልጣናት በነፃ አሰናበተ። ንክሩማህ በሁለተኛው ቀን ዋና ዳኛውን ሻሩ። በቀናት ውስጥ ፕሬዚዳንቱ የዚያን ፍርድ ቤት ውሳኔ እንዲሰርዙ የሚፈቅድ ሕግ ወጣ፤ በገና ዕለትም ፍርዱ ተሰረዘ። በአዲስ ዋና ዳኛ ፊት እንደገና የተከሰሱት ሰዎች በ1965 ሞት ተፈረደባቸው፤ ቅጣቱም ወደ 20 ዓመት እስራት ተቀየረ።

በጥር 1964 በተካሄደ ሕዝበ ውሳኔ ጋና የአንድ ፓርቲ አገር ሆነች፤ ፕሬዚዳንቱም ዳኞችን የመሻር ሥልጣን አገኙ። የድጋፉ ድምፅ 99.91 በመቶ ነበር ተባለ። በዚያው ወር ዳግም የታሰሩት ዳንኳ በየካቲት 1965 ንሳዋም እስር ቤት ውስጥ ሞቱ። ከዚያ በኋላ ንክሩማህን በምርጫም ሆነ በችሎት የሚገዳደር አልቀረም። የቀረው የጦር ሠራዊቱ ነበር።

ሰውየው ሥራ አልሠሩም ማለቴ አይደለም። ትምህርት ቤቶችን፣ የቴማን ወደብና የአኮሶምቦን ግድብ አሠርተዋል። ግድቡን ጥር 22 ቀን 1966 መረቁ። በወሩ፣ የካቲት 24፣ ወደ ሃኖይ ለመሄድ ቤጂንግ ሲደርሱ የኮሎኔል ኮቶካና የሻለቃ አፍሪፋ ወታደሮች ከፖሊስ አዛዦች ጋር ሆነው መንግሥቱን ገለበጡ። አክራ ውስጥ ሕዝቡ ጨፈረ። ከጨፋሪዎቹ ስንቶቹ ከሁለት ዓመት በፊት የድጋፍ ድምፅ ሰጥተው እንደነበር እያሰብኩ እገረማለሁ።

ንክሩማህ አገራቸውን ዳግም አላዩም። ጊኒ ውስጥ ሴኩ ቱሬ የክብር ተባባሪ ፕሬዚዳንት አደረጓቸው። ሚያዝያ 27 ቀን 1972 ቡካሬስት ውስጥ ሞቱ። አስከሬናቸው ኮናክሪ ካረፈ በኋላ ወደ ንክሮፉል፣ በ1992 ደግሞ አክራ ወደተሠራላቸው መካነ መቃብር ተወሰደ። ኮቶካ በ1967 በሌላ የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ተገደሉ። አፍሪፋም በ1979 ሌሎች ወታደሮች ሥልጣን ሲይዙ ተረሸኑ።

አኮ አጄይን ያስፈታቸው የ1966ቱ መፈንቅለ መንግሥት ነው። ከፖለቲካ ርቀው እስከ 2002 ኖሩ። ወታደሮቹ የ1958ቱን ሕግ ሻሩ፤ በምትኩም በሌላ ስም ያለ ፍርድ ማሰር የሚያስችል ድንጋጌ አወጡ። በድንጋጌውም የንክሩማህን ሚኒስትሮችና የፓርቲ ሹማምንት አሰሩበት።