ያየውን የጻፈው ሮበርት ቦይል

ዛሬ የሮበርት ቦይልን የሕይወት ታሪክ ይዤላችሁ ቀርቤአለሁ። ለምን እሱን እንደመረጥኩ በኋላ እነግራችኋለሁ።

ቦይል እ.ኤ.አ. በ1627 አየርላንድ ውስጥ ሊዝሞር በሚባል ቦታ ተወለደ። ለአባቱ 14ኛ ልጅ ነበር። አባቱ ትልቅ ባለሀብት ነበሩ፤ እናቱ ግን ገና በልጅነቱ ሞቱበት። ሲናገርም ይንተባተብ ነበር። ካደገ በኋላ ኦክስፎርድ ከተማ ተቀምጦ ስለ አየርና ስለ ኬሚስትሪ ብዙ ሙከራ ሠራ።

እ.ኤ.አ. በ1664 ስለ ቀለሞች መጽሐፍ አሳተመ። ቫዮሌት ከሚባል አበባ የተሠራ ሰማያዊ ሽሮፕ አሲድ ሲጨመርበት ቀይ፣ ቤዝ ሲጨመርበት ደግሞ አረንጓዴ እንደሚሆን ጻፈ። ሙከራው ሲበላሽበትም አይደብቅም፤ ያልተሳካውንም ይጽፍ ነበር። ከ1668 ጀምሮ ለንደን እህቱ ቤት ኖረ። በ1691 እህቱ በሞተች በሳምንቱ እሱም ሞተ።

አሁን ወደ እኔ ልምጣ። ሊትመስ ወረቀት ስላልነበረን የሳይንስ መምህራችን ከቤታችን ከርከዴ ይዘን እንድንመጣ አዘዙን። መተማ ደግሞ ከርከዴ መች ይጠፋል! ደረቁን ከርከዴ አንዱን ሙቅ፣ አንዱን ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ጨመርነው። ሳናማስለው ቀለሙ ራሱ ተሰራጨ፤ በሙቁ ቶሎ፣ በቀዝቃዛው ቀስ ብሎ። ሎሚ ስንጨምቅበት ቅላቱ ደመቀ። የተጣራ የአመድ ውሃ ስንጨምርበት ግን አረንጓዴ ሆነ።

እኔ ደነገጥኩ። መጽሐፋችን ቤዝ ቀዩን ሊትመስ ሰማያዊ ያደርጋል ይላላ! ስለዚህ ደብተሬ ላይ ሰማያዊ ብዬ ጻፍኩ። አጠገቤ የተቀመጠችው ልጅ አረንጓዴ ብላ ጽፋ ነበር። የደረጃ ተማሪ ስለሆንኩ የእኔን አይታ የራሷን ሰረዘች። መምህራችን ሲያርሙ ሁለታችንም ኤክስ አገኘን። ከርከዴ ሊትመስ አይደለም፤ የየራሳቸው ቀለም አላቸው።

ከዚያ በኋላ ነው የቦይልን ታሪክ ያነበብኩት። አረንጓዴዋን እዚያ ሳገኛት አፈርኩ። ያቺን ልጅ ይቅርታ ጠይቄያታለሁ። እሷ ያየችውን ነበር የጻፈችው፤ እኔ ግን ያላየሁትን።

እናንተም ቤታችሁ ሞክሩት። የአመዱን ውሃ ግን እንዳትቀምሱት፣ ዓይናችሁም እንዳይገባ ተጠንቀቁ። ደብተራችሁ ላይም በዓይናችሁ ያያችሁትን ጻፉ። በሚቀጥለው እትም እስክንገናኝ ሰላም ሁኑ!