ኤረንበርግና የቀይ ባሕር ደቂቅ ሕያዋን

ክርስቲያን ጎትፍሪድ ኤረንበርግ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1795 ዓ.ም. በጀርመን አገር በዴሊች ከተማ ተወለደ። የነገረ መለኮት ትምህርት ጀምሮ ወደ ሕክምና ዞረ። በ1820 ከባልንጀራው ከቪልሄልም ሄምፕሪኽ ጋር ወደ ግብፅ ተጓዘ።

በ1823 መጨረሻ በሲና ጠረፍ፥ ቶር በተባለው ወደብ ሳለ፥ ውሃው ደም መስሎ ቀልቶ አየ። በአጉሊ መነጽር ቢመረምረው ቅላቱ የአፈር ሳይሆን እንደ ቀጫጭን ክር በነዶ በነዶ የታሰሩ ሕያዋን ሆኖ አገኘው፤ በኋላም ትራይኮዴስሚየም ሲል ሰየማቸው። እነዚህ ሕያዋን የአየሩን ናይትሮጅን ወደ ምግብነት እንደሚለውጡ ዛሬ ይታወቃል። ንጥረ ምግብ በጎደለው የሞቃት አገር ባሕር ለሌሎቹ ፕላንክተኖች ማዳበሪያ አቅራቢዎች እነርሱ ናቸው። እኛ መሐንዲሶች ይህንኑ ሥራ የምንሠራው በከፍተኛ ሙቀትና ግፊት መሆኑን ሳስብ እቀናባቸዋለሁ።

የጉዞው ዋጋ ግን ከባድ ነበር። ሄምፕሪኽ በ1825 ምጽዋ ላይ በትኩሳት ሞተ፤ የሁለቱን ድካም ለዓለም የማሳወቁ ሸክም በኤረንበርግ ላይ ወደቀ።

በ1838 ባሳተመው ታላቅ መጽሐፍ ደቂቅ እንስሳት እንደ ትልልቆቹ ሙሉ የአካል ክፍሎች አሏቸው ሲል ተከራከረ። ፈረንሳዊው ዱዣርዳን ይህን አፈረሰበት። በእኔ አስተያየት ከኤረንበርግ ንድፈ ሐሳብ ይልቅ ዓይኑ የታመነ ነበር።

በ1876 በርሊን ላይ ዐረፈ። ፕላንክተን የሚለውን ስም ሄንዘን ያወጣው ከዚያ 11 ዓመት ዘግይቶ ነው።