ቄስ ማርቲን ሪንካርትና የማዕድ ምስጋናቸው

ረኃብና ቸነፈር በአንድ አገር ላይ ወረደ ሲባል ስንሰማ፥ አባቶቻችን ስለ ክፉ ቀን የነገሩን ሁሉ በልባችን ይነሣል። ከብቱ ያለቀበት፥ ጎተራው የተራቈተበት፥ ቀባሪ የጠፋበት ዘመን ለደጋው ሕዝብ እንግዳ ነገር አይደለም። ስለዚህ ታሪካቸውን የምንጽፍላችሁ የጀርመኑ ቄስ ማርቲን ሪንካርት፥ አገራቸው ሩቅ ቢሆንም መከራቸው ከእኛ የራቀ አይደለም።

ቄስ ሪንካርት እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1586 ዓ.ም. በሳክሶኒያ ምድር በአይለንቡርግ ከተማ ተወለዱ። አባታቸው በርሜል ሠሪ ነበሩ። በላይፕሲግ በቅዱስ ቶማስ ትምህርት ቤት ከመዘምራኑ ጋር እየዘመሩ ተማሩ፤ በዚያው ከተማ ዩኒቨርሲቲም ነገረ መለኮት አጠኑ። ከዚያም ማርቲን ሉተር በተወለደባት በአይስሌበን መምህርና ዲያቆን፥ ቀጥሎም በአንዲት የገጠር ቤተ ክርስቲያን ቄስ ሆኑ። በ1617 ዓ.ም. የተወለዱባት ከተማ ጠራቻቸው፤ እስከ ዕለተ ሞታቸውም ድረስ 32 ዓመት በዚያ አገለገሉ።

በተመለሱ በዓመቱ የሠላሳው ዓመት ጦርነት ተነሣ። አይለንቡርግ በቅጥር የተከበበች ስለ ነበረች ከየገጠሩ የሸሸው ሕዝብ ወደ እርስዋ ጐረፈ። ማደሪያው ጠበበ፥ እህሉ አነሰ፥ በሽታም ተከተለ። በ1637 ዓ.ም. የወረደው ቸነፈር ግን ከቀደመው ሁሉ የከፋ ሆነ፤ 8,000 ያህል ሰው እንዳለቀ ይነገራል። የካህናቱ አለቃ ከተማይቱን ትቶ ሄደ፥ ተመለስ ቢሉትም አልተመለሰም። ከከተማይቱ ቀሳውስት ሁለቱን ሪንካርት ራሳቸው በአንድ ቀን ቀበሩአቸው። ከዚያ ወዲያ ለሕሙማን የሚጸልይ፥ ለሚሞቱት የሚያቈርብ፥ በመቃብርም ላይ ቃለ እግዚአብሔር የሚያነብ እርሳቸው ብቻ ቀሩ። በአንዳንዱ ቀን ከ40 እስከ 50 ሰው፥ በጠቅላላው 4,480 ያህል ሰው ቀበሩ። በዚያው ዓመት በግንቦት ወር የገዛ ባለቤታቸው ሞቱ።

ቸነፈሩ ሲያልፍ ረኃብ መጣ። ስለ አንዲት የሞተች ድመት ወይም ቍራ ሠላሳና አርባ ሰው በመንገድ ላይ ይጣላ ነበር። የቄሱ ደጅ በተራቡ ሰዎች ተሞላ፤ እርሳቸውም ለቤታቸው ጥቂት ብቻ እያስቀሩ ያላቸውን ሰጡ። ለልጆቻቸው ልብስና ቀለብ እንዲያገኙም ገና ያልተቀበሉትን የብዙ ዓመት ደመወዝ መያዣ አድርገው ተበደሩ። ይህን ስናነብ፥ እኛ ከተረፈን ላይ ሰጥተን እንደ ትልቅ ነገር የምንቈጥረው ትዝ አለንና አፈርን።

በ1639 ዓ.ም. የስዊድን ጦር አዛዥ ከዚህ ከደኸየ ሕዝብ 30,000 ታለር ጠየቀ። ቄሱ ሄደው ቢለምኑት አልሰማም። እርሳቸውም ሕዝቡን ወደ ቤተ ክርስቲያን ጠርተው፥ ተንበርክከው በአንድነት ጸለዩ፥ ዘመሩም። አዛዡ በመጨረሻ ራርቶ 2,000 ጉልደን ብቻ ተቀበለ ይባላል።

እንግዲህ የእኒህ ሰው ስም እስከ ዛሬ የሚጠራው በአንድ የምስጋና መዝሙር ነው፤ ጀርመኖች ኑን ዳንከት አለ ጎት ይሉታል። ብዙዎች በ1648 ዓ.ም. ሰላም በታወጀ ጊዜ የተጻፈ ይመስላቸዋል፤ እኛም እንዲህ ሲነገር ሰምተን አምነን ነበር። ነገር ግን ዮሐን ክሩገር በ1647 ዓ.ም. ከዜማው ጋር አሳትሞታል፤ ይኸውም ሰላም ገና ሳይመጣ ነው። እንዲያውም ቄሱ በ1636 ዓ.ም. ባወጡት የጸሎት መጽሐፍ ውስጥ የማዕድ ጸሎት ሆኖ እንደ ገባ ይነገራል። ቃሉ የተወሰደው ከመጽሐፈ ሲራክ ምዕራፍ 50 ነው። ይህን መጽሐፍ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ከቅዱሳት መጻሕፍት ትቈጥረዋለች፤ ሉተርም ለንባብ መልካምና ጠቃሚ ነው ብሎታል።

ስለዚህ ምስጋናው ከመከራው በኋላ እፎይ ሲባል የመጣ አይደለም። ቸነፈሩ ሳይገባ ቤተሰቡ በዳቦና በሾርባ ፊት የሚለምደው የዕለት ጸሎት ነበረ። በዚያ በ1637 ዓ.ም. ክረምት አባት ከመቃብር ሥራ ደክመው ሲመለሱ፥ የእናት ወንበር ባዶ ሆኖ ሳለ፥ ያው ማዕድ ቀረበ። በልጆቹ አፍ ላይ ከዚህ ሌላ ምን ጸሎት ሊኖር ይችላል? እግዚአብሔርን ከእናት ማኅፀን ጀምሮ ስላደረገው ቸርነት የሚያመሰግነው፥ የደስታ ልብና ሰላም እንዲሰጥ የሚለምነው ያው ጸሎት ነበረ እንላለን። ከሲራክ የተወሰዱት ሁለቱ ክፍሎች ካለቁ በኋላ ሦስተኛው ለአብና ለወልድ ለመንፈስ ቅዱስም ክብርን ይሰጣል።

ቄስ ሪንካርት የለመኑትን ሰላም በ1648 ዓ.ም. አዩ። በ1649 ዓ.ም. መጨረሻም በ63 ዓመታቸው፥ ያን ሁሉ ሰው በቀበሩባት በአይለንቡርግ ዐረፉ።