ስሙ ከፕላኑ ላይ የቀረው ሰው፦ የቢል ፊንገር ሕይወት

ፊልም ወዳዶች በተገናኙበት ሁሉ የማይበርድ አንድ ክርክር አለ። ይኸውም ባትማን የተባለውን ጭምብል ለባሽ ጀግናና ባላንጣዎቹን በፊልም ከተጫወቱት ተዋንያን መካከል ማን ይበልጥ ተዋጣለት የሚለው ነው። ገሚሱ በ1989 የወጣውን የማይክል ኪተንንና የጃክ ኒኮልሰንን ፊልም ያስቀድማል፤ ገሚሱ በ2008 ጆከርን ሆኖ የተጫወተውን ሂዝ ሌጀርን የሚወዳደረው የለም ይላል፤ ዕድሜው ገፋ ያለው በ1966 በቴሌቪዥን ይታይ የነበረውን ሴዛር ሮሜሮን በፈገግታ ያስታውሳል፤ ሌላው ደግሞ የ2019ኙን ዋኪን ፊኒክስን ይጠቅሳል። እያንዳንዱም ወገን እውነተኛውን ጆከር ያየሁት እኔ ነኝ ባይ ነው።

የተለያዩ ቅጂዎችን ለማመዛዘን ግን አስቀድሞ ዋናውን ማወቅ ያሻል። በሙያችን እንደሚታወቀው በአንድ ፕላን የተሠሩ ሁለት ቤቶች ልዩነት ቢያሳዩ፣ የትኛው ትክክል እንደሆነ የሚፈርደው የልስኑ ማማር ሳይሆን ፕላኑ ነው። በፕላኑም ግርጌ ማን እንደነደፈው፣ ማን እንደመረመረውና ማን እንዳጸደቀው የሚጻፍባት ትንሽ ሣጥን አለች። በባትማን ፕላን ላይ ይህች ሣጥን ሰባ ስድስት ዓመት ሙሉ የእውነቱን ግማሽ ብቻ ይዛ ኖራለች። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም ከሣጥኒቱ ውጭ የቀረውን ሰው፣ የቢል ፊንገርን ሕይወት ባጭሩ መተረክ ነው። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ፊንገር ፌብሩዋሪ 8 ቀን 1914 በአሜሪካ አገር በኮሎራዶ ክፍለ ሀገር፣ በዴንቨር ከተማ ከአይሁድ ቤተሰብ ተወለደ። ወላጆቹ ያወጡለት ስም ሚልተን ሲሆን ቢል የተባለው በኋላ ነው። አባቱ ከኦስትሪያ-ሀንጋሪ ግዛት የፈለሰ ልብስ ሰፊ ነበር። ቤተሰቡ ወደ ኒውዮርክ ተዛውሮ በብሮንክስ ስለተቀመጠ ልጁ እዚያው አድጎ በ1933 ከደዊት ክሊንተን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ትምህርቱን ፈጸመ። ጊዜው አሜሪካ በታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት የተመታችበት ስለነበረ፣ ንባብና ጽሕፈት የሚወደው ወጣት ጫማ እየሸጠ ለመኖር ተገደደ።

በ1938 ገደማ በአንድ ግብዣ ላይ ከሠዓሊው ከቦብ ኬን ጋር ተዋወቀ። ኬንም የዚያው ትምህርት ቤት ልጅ ነበር። በዚያን ዘመን በሥዕል የሚተረኩ ርካሽ መጽሔቶች ገበያ ገና መድራቱ ስለነበረ፣ ኬን ለሥዕሎቹ ታሪክ የሚጽፍለት ሰው ይፈልግ ነበር። ስምምነታቸውም ፊንገር እንዲጽፍ፣ ኬን እንዲስልና በራሱ ስም እንዲያቀርብ ሆነ። ለፊንገር የሚከፈለውም በኬን በኩል ነበር። ሥራ በጠፋበት ዘመን ይህ የሚናቅ ዕድል አልነበረም፤ ነገር ግን የኋላው ጣጣ ሁሉ ከዚያች የቃል ስምምነት ተወለደ።

በ1938 አጋማሽ ሱፐርማን ታትሞ እጅግ ስለተሸጠ፣ የመጽሔቱ አዘጋጅ ሌላ ጀግና እንዲፈለግለት ጠየቀ። ኬን ከጥቂት ቀናት በኋላ አንድ ንድፍ ለፊንገር አሳየው። ቀይ ጥብቅ ልብስ የለበሰ፣ ዓይኑን ብቻ በትንሽ ጭምብል የሸፈነ፣ ከትከሻው ሁለት ግትር ክንፎች የወጡ ሰው ነበር። የክንፎቹን አሳብ ያገኘው ከሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ የበረራ መሣሪያ ንድፍ መሆኑን ኬን በኋላ ተርኳል። ፊንገር ንድፉን ተመልክቶ መዝገበ ቃላት ከፈተና የሌሊት ወፍን ሥዕል አሳየው። ከዚያም ጭንቅላቱን በሙሉ የሚሸፍንና ሹል ጆሮዎች ያሉት ጭምብል፣ በግትሩ ክንፍ ፈንታ ሲሮጥ የሚውለበለብ ካባ፣ የጣት አሻራ የማያስቀር ጓንቲ፣ በቀዩም ፈንታ ግራጫና ጥቁር ቀለም እንዲሆን አሳሰበ። ዛሬ የትኛውም ተዋናይ ቢለብሰው ገና ከሩቅ የሚታወቀው ቅርጽ ይኸው ነው።

ፊንገር የጻፈው የመጀመሪያው ባለ ስድስት ገጽ ታሪክ የሜይ 1939 ቀን በያዘው በዲቴክቲቭ ኮሚክስ 27ኛ ቁጥር ወጣ። እዚህ ላይ አንድ እውነት መሰወር አይገባም። ያ ታሪክ በ1936 በሻዶው መጽሔት ከወጣ ልብ ወለድ የተቀዳ ሲሆን፣ ፊንገርም ይህንኑ አልካደም። ስሙ የተረሳበት ሰው እርሱ ራሱ የሌላውን ደራሲ ስም ሳያነሣ ጀመረ ማለት ነው። የርካሽ መጽሔቶች ዓለም ልማድ እንዲህ ነበር፤ መበደሩን እንጂ ያበደረውን ማመስገን አያውቅም።

ኬን የገበያውን መንገድ ያውቅ ስለነበረ ከአሳታሚው ጋር ውል ተዋዋለ። በዚያም መሠረት የባትማን ፈጣሪ ተብሎ የሚጻፈው የእርሱ ስም ብቻ ሆነ። በውሉ ላይ ፊንገር የለበትም። ይሁን እንጂ ከዚያ በኋላ በየወሩ ለጀግናው ሥጋና አጥንት የሚሰጠው ይኸው ሰው ነበር። ብሩስ ዌይን የሚለውን ስም ያወጣለት ከስኮትላንዱ ንጉሥ ከሮበርት ብሩስና ከአሜሪካው የነፃነት ጦርነት ጄኔራል ከአንተኒ ዌይን ነው። ከተማዪቱን ጎታም ያላት በስልክ ማውጫ ላይ የአንድ ጌጣጌጥ መደብር ስም አይቶ ነው። ሕፃኑ ብሩስ በጨለማ መንገድ ላይ እናትና አባቱ በጥይት ሲወድቁ ያየባት፣ የታሪኩም ሁሉ ምሰሶ የሆነችው ሁለት ገጽ በኖቬምበር 1939 ወጣች። ብዕሯም የፊንገር ነው።

ባላንጣዎቹንም በተመለከተ እጁ በሁሉ ላይ አለ። በ1940 ድመቲቱ ሴት፣ በ1941 ፔንግዊን፣ በ1942 ባለ ሁለት ፊቱ፣ በ1948 ከሠዓሊው ከዲክ ስፕራንግ ጋር እንቆቅልሽ ጠያቂው ሪድለር ተወለዱ። የጆከር ነገር ግን እስከ መጨረሻው አከራካሪ ሆኖ ቀርቷል። ኬን የእኔ ነው ሲል፣ ወጣቱ ረዳት ሠዓሊ ጄሪ ሮቢንሰን የካርታውን ጆከር ሥዬ አሳቡን ያመጣሁት እኔ ነኝ ይል ነበር። ፊንገር ያመጣው ግን በሁሉም ወገን የታመነ ነው፤ ይኸውም በ1928 ከወጣውና ከቪክቶር ሁጎ ልብ ወለድ ከተወሰደው የሚስቀው ሰው ከተሰኘ ፊልም የተገኘ የተዋናዩ የኮንራድ ፋይት ፎቶግራፍ ነው። በዚያ ፊልም ፋይት የተጫወተው በልጅነቱ አፉ ተቆርጦ፣ እያለቀሰም ቢሆን የሚስቅ መስሎ እንዲኖር የተፈረደበትን ሰው ነበር። በዓለም የታወቀው የጆከር ፊት ከዚያች ፎቶግራፍ የተቀዳ ነው።

የፊንገር አሠራር ለእኛ ለመሐንዲሶች እንግዳ አይሆንም። ከጋዜጣና ከመጽሔት የሰበሰበውን ልዩ ልዩ ነገር የሚመዘግብበት ደብተር ነበረው፤ የማሽኑን፣ የሕንፃውን ወይም የመሣሪያውን ሥዕል ከድርሰቱ ጋር አያይዞ ለሠዓሊው ይሰጥ ነበር። ታሪኩ የሚፈጸምበትን ስፍራ መጠን ሳያውቅ መጻፍ አይወድም ነበር። ጉድለቱም ከዚሁ የመነጨ ሳይሆን አይቀርም፤ ሥራው ዘገምተኛ ስለነበረ ቀጠሮ ያሳልፋል፣ አንዳንድ ጊዜም አዘጋጆቹ ሌላ ደራሲ ለመተካት ይገደዱ ነበር። ገንዘብም አይበረክትለትም።

እንግዲህ ወደ ፊልሞቹ ክርክር ብንመለስና ከዋናው ፕላን ጋር ብናስተያያቸው ነገሩ ግልጽ ይሆናል። በ1940 የታተመው የመጀመሪያው ጆከር ቀልደኛ አልነበረም። የሚገድለውን ሰው ስምና ሰዓት አስቀድሞ በራዲዮ ያውጃል፤ መርዙ የሞተውን ሰው ፊት በፈገግታ ያደርቀዋል፤ ከየት እንደመጣም አይነገርም። ስለሆነም የ1966ቱ የሴዛር ሮሜሮ ጆከር፣ ተዋናዩ አልላጭም ብሎ ጢሙ በነጭ ቀለም የተሸፈነበት ደስተኛው አጭበርባሪ፣ ብዙዎች እንደሚያስቡት ጥንታዊው አይደለም፤ መጽሔቶቹ በ1954 በወጣው የሥነ ምግባር ደንብ ከለዘቡ በኋላ የመጣው ነው። የ1989ኙ ፊልም ፈገግታ የሚያደርቀውን መርዝ ከ1940፣ ወደ ኬሚካል ጋን መውደቁን ደግሞ ፊንገር በ1951 ከጻፈው ታሪክ ወስዶ አጣመረ። ነገር ግን የብሩስን ወላጆች የገደለው ጆከር ነው በማለቱ ምሰሶውን ከቦታው አነቃነቀ። በፊንገር ድርሰት ገዳዩ ተራ ወንበዴ ነው፤ የባትማን ጠላት አንድ ሰው ሳይሆን ወንጀል ራሱ የሆነውም ስለዚህ ነው። የ2005ቱ ፊልም ይህን አስተካክሎ ምሰሶውን ወደ ቦታው መለሰ።

የ2008ቱ ሂዝ ሌጀር ብዙዎች አዲስ ፈጠራ ያሉት ቢሆንም በእኔ አስተያየት ከሁሉ ይልቅ ለፕላኑ የቀረበ ነው። ግድያውን በራዲዮ ፈንታ በቴሌቪዥን ያውጃል፤ የቀድሞው ጆከር የፖሊስ አዛዥ መስሎ እንደቀረበ ሁሉ እርሱም የፖሊስ ልብስ ለብሶ ይታያል፤ ታሪኩም አይታወቅም። የ2019ኙ ዋኪን ፊኒክስ ደግሞ ከዚያም ወደ ኋላ ሄዶ የኮንራድ ፋይትን ጥላ አገኘ፤ ሳይፈልግ የሚስቅ፣ ሳቁም ሕመሙ የሆነ ሰው ነው። ሁለቱም ተዋንያን ለአንድ ገጸ ባሕርይ ኦስካር ሲሸለሙ፣ የሌጀር ሽልማት ከሞቱ በኋላ በ2009 የተሰጠ ነበር። ከዚህ እንደምንረዳው ተከራካሪዎቹ ሁሉ የየራሳቸው እውነት አላቸው፤ የሚያወዳድሩት የአንዱን ቤት ልዩ ልዩ ክፍሎች ነውና።

ቤቱን የነደፈው ሰው ግን በሕይወቱ ይህን ክብር አላየም። በ1965 በኒውዮርክ በተደረገ የመጽሔት ወዳዶች ጉባኤ ላይ ተገኝቶ ሥራውን ሲያስረዳ፣ ጄሪ ቤይልስ የተባለ ወዳጅ አንባቢ ነገሩን በጽሑፍ ይፋ አደረገ። ኬን ወዲያው በግልጽ ደብዳቤ አስተባበለ። ፊንገር መልሶ አልተሟገተም። በማግሥቱ ዓመት ባትማን በቴሌቪዥን ገንኖ በነበረበት ወቅት፣ ከጓደኛው ከቻርልስ ሲንክሌር ጋር የሰዓቱን ንጉሥ ታሪክ በሁለት ክፍል ጻፈ። በሕይወቱ ሳለ ስሙ በባትማን ፊልም ላይ የታየው በዚያ ብቻ ነው፤ ይኸውም እንደ አንድ ተቀጣሪ ጸሐፊ እንጂ እንደ ፈጣሪ አልነበረም። በጃንዋሪ 1974 በማንሃታን በመኖሪያ ክፍሉ ሞቶ ተገኘ። ዕድሜው ሃምሳ ዘጠኝ ሲሆን ሕመሙ የደም ሥር መጥበብ ነበር። አመዱን አንድያ ልጁ በኦሬጎን ባሕር ዳርቻ አሸዋ ላይ በሌሊት ወፍ ቅርጽ በተነው፤ ማዕበሉም መጥቶ ወሰደው።

ኬን በ1989 ባሳተመው የሕይወት ታሪኩ የፊንገርን ድርሻ አምኖ፣ በሕይወት ሳለ አለመመስከሩ እንደሚጸጽተው ጻፈ። ውሉን ግን አልለወጠም፤ በ1998ም ሞተ። በ2005 በጄሪ ሮቢንሰን አሳሳቢነት ለተዘነጉ ደራስያን በፊንገር ስም ሽልማት ተቋቋመ። በ2012 ማርክ ታይለር ኖብልማን የተባለው ጸሐፊ ዓመታት የፈጀ ምርመራውን በመጽሐፍ አወጣ፤ በዚሁ ፍለጋ የተገኘችው የፊንገር የልጅ ልጅ መብቱን ጠየቀች። በሴፕቴምበር 2015 አሳታሚው ስሙ እንዲጻፍ ተስማማ። በ2016 በወጣው ባትማንና ሱፐርማን በተጋጠሙበት ፊልም የቢል ፊንገር ስም ከቦብ ኬን ስም ጋር በፈጣሪነት ለመጀመሪያ ጊዜ በሲኒማ ታየ። ያው ፊልም የሚከፈተው ሕፃኑ ወላጆቹን በሚያጣባት በዚያች ጨለማ መንገድ ነው። በ2017 ደግሞ በብሮንክስ አንድ መንገድ በስሙ ተሰየመ።

ለኬን ፍትሕ መንፈግ አይገባም። የመጀመሪያው ንድፍ የእርሱ ነው፤ ሥራውን ለገበያ ያበቃውም እርሱ ነው። ያለ ኬን ባትማን ባልታተመ፣ ያለ ፊንገርም ባልኖረ ነበር። ፊንገርም ቢሆን ከደሙ ንጹሕ አይደለም፤ በጊዜው ጠይቆ ቢሆን፣ ቢያንስ አንዲት ወረቀት አስፈርሞ ቢሆን ኖሮ የልጅ ልጁን ድካም ባስቀረ ነበር። ዝምታው ከትሕትና ይሁን ከችግር ፍርዱን ለአንባቢ እተዋለሁ።

በእኛም ሙያ ሌሊት ሙሉ ስሌቱን የሠራው ወጣት፣ የመሬቱን ልክ ያነሣው ቀያሽ፣ ስሕተቱን ቀድሞ ያየው ነዳፊ ስሙ ከሣጥኒቱ የሚቀርበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። ፊርማ የሚኖረን ሰዎች ይህን ማረም የምንችለው በመጸጸቻችን ዘመን በምንጽፈው መጽሐፍ ሳይሆን ፕላኑ ከጠረጴዛችን ሳይነሣ ነው። አበው ስም ከመቃብር በላይ ነው ይላሉ። ቢል ፊንገር መቃብር እንኳ አልነበረውም፤ ስሙ ግን ዘግይቶም ቢሆን ወደ ቦታው ተመልሷል። እንግዲህ ስለ ጆከሮች የሚደረገው ክርክር ዳግመኛ ሲነሣ፣ ከተዋንያኑ በፊት ይህ ስም እንዲታወስ አሳስባለሁ።