ከሰሜን ተራራ እስከ ባሕር፤ የልዑል ዓለማየሁ ሕይወት

ከጎንደር ተነሥቶ በዳባት በኩል ደባርቅ የደረሰ መንገደኛ ፊቱን ወደ ተራራው ሲያዞር ባሕርን የሚያስታውሰው አንዳች ነገር የለም። ይሁን እንጂ በሰባት ዓመቱ በመርከብ ተጭኖ ሄዶ ሳይመለስ የቀረው ልዑል ዓለማየሁ በእናቱ በኩል የዚሁ አገር ልጅ ነው። እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅ የሰሜንና የትግሬ ገዥ የነበሩት የደጃዝማች ውቤ ልጅ ናቸው። ደጃዝማች ውቤ እነግሥበታለሁ ብለው ባሠሩት በደረስጌ ማርያም፣ በየካቲት 1847 ዓ.ም. ዘውድ የጫኑት ድል ያደረጓቸው ዓፄ ቴዎድሮስ ሆኑ። ተሸናፊው ታሰሩ፤ አሸናፊው ልጃቸውን አገቡ፤ ዓለማየሁም በ1853 ዓ.ም. ተወለደ።

የመቅደላን ነገር ሁላችንም ስለምናውቀው አንደግመውም። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. አባት ሞቱ፤ እናት ከእንግሊዝ ጦር ጋር ወደ ባሕሩ ሲጓዙ ግንቦት 8 ቀን መንገድ ላይ ዐርፈው ጨለቆት ተቀበሩ። ልጁ ዙላ የደረሰው ሁለቱንም አጥቶ ነው።

ጦሩን፣ የጭነት ከብቱንና 44ቱን ዝሆኖች ከሕንድ ካመላለሱት መርከቦች ብዙዎቹ በሸራ የሚሄዱ ነበሩ። ልጁ የተሳፈረባት ፌሮዝ ግን በጎንና በጎኗ መንኰራኵር ያላት የእንፋሎት መርከብ ናት። በሰሜናዊው ቀይ ባሕር ነፋሱ አብዛኛውን ጊዜ ከሰሜን ምዕራብ ስለሚነፍስ፣ ሸራ ብቻ ያለው መርከብ ወደ ስዊዝ ለመውጣት ወዲያና ወዲህ እያቆራረጠ ብዙ ቀን ይፈጅበታል። እንፋሎት ነፋስ አይለምንም።

ጊዜው ሰኔ ነበር፤ የሰኔ ቀይ ባሕር ደግሞ እሳት ነው። ለደጋ ልጅ ሙቀቱ፣ የከሰሉ ጢስ፣ የወለሉ መወዛወዝ ሁሉ እንግዳ ነው። በመርከብ ሕግ ደወል በየግማሽ ሰዓቱ ይመታል፤ መርከበኞቹም በአራት በአራት ሰዓት ተራ ይለዋወጣሉ። እስከዚያ ቀን ደወል ለእርሱ የቤተ ክርስቲያን ነገር ነበር። ሌሊት ሌሊት እየፈራ ብቻውን አልተኛም አለ። የሚያስተኛው ስፒዲ የሚባለው ረጅም መኰንን ብቻ ነበር። ይህ ሰው ቀድሞ ዓፄ ቴዎድሮስን ያገለገለና አማርኛ የሚያውቅ፣ አገሬውም ባሻ ፈለቀ የሚለው ነው። እኛ ይህን ሰው ለመውቀስም ለማመስገንም ይከብደናል፤ ልጁን ይወድ ነበር፣ ልጁን ከወሰዱት አንዱም እርሱ ነው።

የስዊዝ ቦይ ገና ስላልተከፈተ ከስዊዝ እስክንድርያ በምድር ባቡር ተሻገሩ። ከዚያ ኧርጀንት በምትባል ሌላ መርከብ ሜዲትራኒያንን አቋርጠው ሐምሌ ላይ ፕሊመዝ ገቡ። ንግሥት ቪክቶሪያም ተቀበለችው። ነገር ግን ባሕሩ አልለቀቀውም፤ ስፒዲ ሲሾም ወደ ሕንድ፣ ቀጥሎም ወደ ፔናንግ ተከተለው፤ በኋላም ለትምህርት ተብሎ ወደ እንግሊዝ ተመለሰ። ቼልተናም፣ ረግቢ፣ ሳንድኸርስት የጦር ትምህርት ቤት እየተባለ ቆየ። ኅዳር 5 ቀን 1872 ዓ.ም. ሊድስ ከተማ በሳንባ በሽታ ሲሞት ገና 18 ዓመቱ ነበር።

ያረፈው በዊንድዘር ቤተ መንግሥት በቅዱስ ጊዮርጊስ ጸሎት ቤት ነው። የኢትዮጵያ መንግሥት በ1999 ዓ.ም. ዐፅሙን ጠይቋል። በ2015 ዓ.ም. ግን የእንግሊዝ ቤተ መንግሥት የሌሎችን ሙታን ዕረፍት ሳይነካ ማውጣት አይቻልም ብሎ መለሰ። መቼም ለሰባት ዓመት ልጅ ዕረፍት የተጨነቀ በ1860 ዓ.ም. አልነበረም። በመስከረም 2016 ዓ.ም. ከስፒዲ ወገን ተጠብቆ የኖረ የልዑሉ ጠጕር ለንደን ላይ ለኢትዮጵያውያን ተሰጠ።